ኳሷን ለልጁ ተዉለት

(ጅማ ውስጥ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ዕድሜ ያላቸው ልጆች ወላጆች በተሰበሰቡበት የቅዳሜ ጠዋት የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን? እናቶች፣ አባቶች፣ የልጅ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ አያቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቹ በወንበር መሀል ቢሯሯጡ አትቆጧቸው፤ የተሰበሰብነው በነሱ ጉዳይ ነው። የሚያለቅስ ካለም ወጣ አድርጋችሁ አባብላችሁ ተመለሱ፤ ማንም አይቀየምም።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ። ልጃችሁን ለምንድን ነው ኳስ ልታስጀምሩት የመጣችሁት? እጅ አውጡ አልልም፣ በልባችሁ መልሱ። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሳ ያያችሁ የጅማ ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ ግማሾቻችሁ «ተጫዋች እንዲሆንልኝ ነዋ» እንዳላችሁ እጠረጥራለሁ። ምኞቱ አይከፋም። ግን ስትገቡ በር ላይ አስቀምጡት። ስትወጡ ትወስዱታላችሁ፣ የትም አይሄድባችሁም።

እዚህ የሚሰጠው የእግር ኳስ ስልጠና አይደለም። ልጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር የሚጫወትበት ሰዓት ነው፤ ኳሷ ሰበብ ናት። እውነቱን ልናገር? እዚህ ተማሪው ልጁ አይደለም። ተማሪው ወላጁ ነው። ልጁ መጫወት ያውቅበታል፤ የረሳነው እኛ ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ሦስት ሰዓት! በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እየተቆራረጠ፣ መራመዱም፣ መንፏቀቁም፣ ደረጃ መውጣቱም ተደምሮ ነው። የኛ ጨዋታ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን 35 ደቂቃ ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። እዚህ ያያችሁትን ግቢያችሁ ውስጥ ካልደገማችሁት የቅዳሜዋ ሰዓት ብቻዋን ብዙም አትፈይድም።

ዛሬ አራት ነገር አነሳለሁ፦ የልጁን ሰውነት፣ ኳሷን፣ የጨዋታውን አካሄድ፣ በመጨረሻም የኛን የወላጆችን አፍና እጅ።

አንደኛ፣ የልጁ ሰውነት። የሁለት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከቁመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሰውነቱ ከላይ ይከብዳል። ኳስ መምታት ማለት ደግሞ ምንድን ነው? በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን መወርወር ነው። በአንድ እግር መቆም ደግሞ ገና አልመጣለትም፤ በሦስት ዓመቱ እንኳ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ቢቆም ነው። ታዲያ «ምታ!» ስትሉት ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ወደ ኳሷ ሄዶ ይጋጫታል። ልክ ነው! የመጀመሪያው ምት እሱ ነው። አብዛኛው ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው እዚህ ይደርሳል። ቀጥሎ ቆም ብሎ እግሩን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጎ ይገፋታል። ጉልበቱን አጥፎ፣ እግሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ እጁን አወናጭፎ መምታት የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። አራት ዓመት ሞልቶትም ላይመጣ ይችላል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዘልል አሠልጣኝ የለም፤ አለ የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሌላው፣ የምትንከባለል ኳስ ለዚህ ዕድሜ እጅግ ከባድ ነች። ዓይኑ ይከተላታል፣ እግሩ ግን ጊዜውን አይመጥንም። እግሩን ሲያነሳ ኳሷ አልፋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ኳሷ ትቆማለች፣ ልጁ ወደ እሷ ይሄዳል። ሳምንታት ይፍጅ፣ ግድ የለም። ከዚያ ልጁ ይቆምና ኳሷ ቀስ ብላ ትመጣለታለች። ሁለቱም የሚንቀሳቀሱበት ጨዋታ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪያልፈው ይቆየን።

ቀኝ እግር፣ ግራ እግር የሚለውን ደግሞ እርሱት። በዚህ ዕድሜ ሁለቱንም ያፈራርቃል። «በቀኝህ!» እያሉ ማረም ልጁን ኳሷ ፊት አስቁሞ እግሩን እንዲያይ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

በእጁ ቢያነሳትስ? ያንሳት! ሰፈር ውስጥ «በእጅ! በእጅ!» ተብሎ የሚጮህበት ሕግ እዚህ አይሠራም። አንዲት ሁለት ዓመት ከሁለት ወር የሆናት ልጅ ነበረች። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አንዲት ኳስ አልመታችም። ኳሷን አቅፋ ትሄድና የእናቷን ሹራብ አልብሳት «ኩኩሉ!» ትላለች። እናትየዋ ደግሞ «አልነጋም» በማለት ፈንታ በሀፍረት ዙሪያዋን ታያለች፤ የሌሎቹ ልጆች ይገፋሉ፣ የሷ ኳስ ታስተኛለች። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ልጅቷ ሹራቡን ገለጥ አደረገች፣ «ነጋ!» አለች፣ በሆዷ ጭምር ኳሷ ላይ ሄደችባት። ኳሷ ሁለት ሜትር ያህል ሄደች። ልጅቷ የኳሷን መሄድ አይታ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እናትየዋ ያኔ ስልክ ላይ ብትሆን ኖሮ ያ አፍታ አልፏት ነበር። አልነበረችም።

እዚህ ላይ ስለ «የኔ!» ልጨምር። በሁለት ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ይጫወታል እንጂ አብሮ አይጫወትም። ኳስ አካፍል ማለት እጅህን ቆርጠህ ስጥ እንደማለት ነው። ስግብግብ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። መፍትሔው ምክር አይደለም፣ ቁጥር ነው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ፣ በላዩ ሦስት ትርፍ። አሥር ልጅ ካለ አሥራ ሦስት ኳስ። አሥራ ሦስት ከሌለን ልጅ እንቀንሳለን እንጂ ተራ አናስጠብቅም። ተራ የሚጠብቅ የሁለት ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው ሰልፍ አፍርሶ የሚሮጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ኳሷ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከገበያ የሚገዛው የአዋቂ ኳስ፣ ቁጥር 5፣ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ 12 ኪሎ ገደማ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን አባት ይህ ስንት ይሆናል ብላችሁ ብታሰሉት ሁለት ኪሎ ተኩል ኳስ ይወጣል። ሁለት ኪሎ ተኩል ስኳር በፌስታል መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ምቱ እስቲ! ሁለተኛ ትደግማላችሁ?

የምንፈልገው ቁጥር 3 ነው። ዙሪያዋ ከ58 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 300 ግራም አካባቢ። ከልጁ ጉልበት በታች ትውላለች። ከዚያ የምታንሰውስ? ቁጥር 1 ቆንጆ ትመስላለች፣ ግን ልጁ ይረግጣታል፣ ከእግሩ ሥር ትሽከረከራለች፣ በጀርባው ይወድቃል። ለማቀፍ ትሁን እንጂ ለሜዳ አልመክራትም።

ግን ከቁጥሩ ይልቅ አየሩ ይበልጣል። ድርቅ ብላ የተነፋች ኳስ ጣት ታሳምማለች፣ አንዴ ከተነካች ደግሞ አጥር ድረስ ትሄዳለች። ልጁ 35 ደቂቃውን ኳስ ሲያሳድድ ይጨርሳል። ስለዚህ አስተንፍሷት። መለኪያው ይህ ነው፦ በሁለት አውራ ጣት ስትጫኗት አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ትሰርጉድ። ሌላ መለኪያ፦ ከአንድ ሜትር ከፍታ ልቀቋት። ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ከነጠረች ጠንክራለች። ወደ 30 ዝቅ ስትል ጥሩ ነች። መንፊያ መርፌውን ምራቅ ወይም ውሃ ሳታስነኩ በደረቁ አትክተቱት፣ ካላማዳሪያውን ይበሳዋል፤ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ኳሷ በየሳምንቱ ስታለቅስባችሁ ትኖራለች።

ኳስ መግዛት ያልቻለ አለ? የካልሲ ኳስ ሥሩ። ሳቃችሁ! እኔ የምሬን ነው። ጨርቅ ተጠቅጥቆ በካልሲ የተጠቀለለ ኳስ አይነጥርም፣ አይሸሽም፣ ጣት አያሳምምም። ለጀማሪ ከብዙ የሱቅ ኳስ ይሻላል። ጥብቅ አድርጋችሁ ስፉት ብቻ፤ ክር ወይም ጨርቅ የሚመዘዝ ከሆነ አፉ ውስጥ ይገባል። ስፖንጅ ኳስም እንዲሁ ነው፣ ነክሶ ይቆርሰዋል።

ጫማስ? ታኬታ ያለው ጫማ አታልብሱ። ልጁን የሚያስተምረው መሬቱን መሰማቱ ነው፣ ሶሉ ለስላሳና ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ ይበቃዋል። ነጠላ ጫማ ይወልቃል፣ ያደናቅፋል። ባዶ እግር እንዳትሉ ደግሞ። የኛ መሬት እርጥብ ነው፣ መንጠቆ ትል የሚባለው በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እጅም እግርም በሳሙና። አዌቱ ወንዝ ወርዶ መታጠብ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!

ሦስተኛ፣ አካሄዱ። ሰዓቱ ጠዋት 2:30 ነው። ለምን? ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አላቸው፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧ ከሰዓት በኋላ መምጣት ትወዳለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን አዳራሽ እንገባለን። አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ በካልሲ ብቻ ሆኖ ሲሚንቶ ላይ መሮጥ የለም። ያዳልጣል።

ሜዳው 10 በ12 ሜትር ነው። ትልቅ ሜዳ ለትንሽ ልጅ ደስታ አይደለም፤ ይበተናሉ፣ ወላጅ ይደክማል። ከመጀመራችን በፊት አዋቂዎች ጎን ለጎን ተሰልፈን ከዳር እስከ ዳር አንዴ እንሄዳለን፣ መሬት መሬት እያየን። ቆርኪ፣ ስባሪ ጠርሙስ፣ እሾህ፣ የከብት እበት። አምስት ሰው ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የብረት ጎል ደግሞ አናስገባም። ደጋግሜ ልበለው፦ መሬት ላይ ያልታሰረ የብረት ጎል አናስገባም! ልጅ ይንጠላጠልበታል፣ በግንባሩ ይደፋበታል፣ እንዲህ ያለ አደጋ በዓለም ላይ ሕይወት የቀጠፈ ነው። ባዶ ጀሪካን ሁለት እናቆማለን፣ ጎል ሆነ።

አሁን 35 ደቂቃዋን በዓይነ ሕሊናችሁ ተከተሉኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማንም ምንም አያዝም። ኳሶቹ ቀድመው ተበትነዋል፣ ልጁ ገብቶ የፈለገውን ያነሳል። የዘገየም ሳያፍር ይቀላቀላል። ቀጥሎ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ወላጅ እግሩን ፈርከክ አድርጎ፣ ልጅ መሀሉ። ስም እየተጠራ ኳስ ይንከባለላል። ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይቀመጡላችሁም።

ከዚያ «ኳሷ ተኛች»። ሁሉም ኳሱን እየገፋ ይሄዳል፤ «ኳሷ ተኛች፣ እሽ!» ሲባል እግሩን ኳሷ ላይ ያሳርፋል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች አሉን፤ «ኩባ» ብንላትም ያው ኳሷ ነች፣ «ኮቱ» ስንላቸው ይመጣሉ። ቤት ውስጥ በሚሰማው ቋንቋ አናግሩት። እዚህ ጨዋታ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ክብደቱን ሁሉ ኳሷ ላይ ይጥልና ይንሸራተታል። ስለዚህ ወላጅ ከፊት ለፊት ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ይዘረጋለታል፤ ልጁ ይይዘዋል። ልጁ ይይዘዋል እንጂ ወላጁ ልጁን አይዝም። ልዩነቱን አያችሁ?

አንድ እጁን ከእጅ አንጓው ይዞ ብድግ ማድረግ በፍጹም የለም። በዚህ ዕድሜ የክርን አጥንት በቀላሉ ከቦታው ሸርተት ይላል። ልጁ እጁን ትንሽ አጥፎ ካንጠለጠለና አላንቀሳቅስም ካለ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ በጥቂት ደቂቃ የሚመለስ ነገር ነው። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት። ስታነሱት ከብብቱ ሥር በሁለት እጅ አንሱት።

ቀጥሎ የሚወዱት ይመጣል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የግማሽ ሊትሩ፣ ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ጨምራችሁ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ አቁሙ። ለአንድ ልጅ ሦስት ጠርሙስ። ኳሷን ገፍቶ ይጥላቸዋል። አሸዋው ካነሰ ነፋስ ይጥለዋል፣ ከበዛ ኳሷ አትጥለውም፤ ልጁም ተስፋ ቆርጦ በእጁ ይገፋዋል። ክዳኑን ግን አጥብቃችሁ በፕላስተር ዙሩት። ክዳን ትንታ ነው። ርቀቱን ሦስት ሜትር አድርገው «ዒላማ ይለማመድ» የሚሉ አባቶች አሉ፤ ልጁ ሦስቴ ስቶ አራተኛው ላይ ይተኛል። መውደቁ ነው የሚያስደስተው፣ ኳኳታው ነው። አቅርቡለት።

ታላቅ ወንድም ይዛችሁ ከመጣችሁ ሥራ ስጡት፤ የወደቁ ጠርሙሶችን የሚያቆም እሱ ነው። ሥራ ካልሰጣችሁት ኳሷን ይለጋታል፣ የትንሾቹ ግንባር ቁመት ላይ። በነገራችን ላይ በግንባር መምታት በዚህ ዕድሜ በቀልድም አይሞከርም፤ አሜሪካኖች አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት እንኳ ከልክለውታል።

መጨረሻ ላይ ልጆቹ ኳሶቹን አንድ በአንድ እየተሸከሙ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ጽዳት ያየዋል። ለልጁ ግን ክብደት ተሸክሞ መራመድ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ነው፤ ያውም «አልቋል» የሚለውን ያለ ለቅሶ የሚቀበልበት ዘዴ።

ምግብን በተመለከተ። ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ቁርስ። ሜዳ ላይ ውሃ ብቻ። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ከረሜላ፣ ሸንኮራ እየሮጠ ላለ ልጅ አትስጡ። እናቶች፣ አያቶች፣ ይህን አደራ! ቆሎ ለኛ መጨዋወቻ ነው፣ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሳንባ የሚገባ ጠጠር ነው። የራበው ካለ ሙዝ፣ ያውም ቁጭ ብሎ።

አራተኛውን፣ የኛን አፍና እጅ፣ ግማሹን ሳላስበው ተናግሬዋለሁ። የቀረውን ልጨምር።

አንድ አባት ነበር፣ ልጁን በእውነት የሚወድ። ልጁ ኳሷ አጠገብ ይደርሳል፣ አባትየው «ምታ! ምታ! በደንብ! አይ፣ እንዲህ!» ብሎ እሱ ራሱ ይመታታል። ኳሷ ትሄዳለች። ልጁ ሄዶ ያመጣታል። አሁንም አባትየው ይመታታል። በመጨረሻ ማን ተጫወተ? አባትየው ነው፤ ልጁ ኳስ አቀባይ ሆነ። ቀጥሎ በመጣው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነገርነው፦ ተንበርከክ። ተንበርክኮ ኳስ መምታት አይቻልም፣ ዓይኑ ከልጁ ዓይን ትክክል ይሆናል። ሌላ ምንም አላስተማርነውም።

ቃላችሁን ቆጥቡ። ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል፦ «ግፋት»፣ «ትተኛ»፣ «እሰይ!»። «እሰይ» ደግሞ ጎል ሲገባ ብቻ አይደለም፤ ወድቆ ሲነሳ፣ ኳሷን ፈልጎ ሲያገኛት። ከረሜላ ሽልማት አናመጣም፤ ከረሜላ ያየ ልጅ ኳሷን ረስቶ ኪሳችሁን ነው የሚያየው።

ካለቀሰስ? ከጭኔ አልወርድም ቢልስ? ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቅዳሜዎች ጭናችሁ ላይ ሆኖ ቢያይ እያጠና ነው። «ፈሪ ነው» ብላችሁ ለጎረቤታችሁ አትንገሩበት፣ ይሰማል። እናንተ ግን ኳሷን በእግራችሁ ቀስ እያደረጋችሁ ተጫወቱ። አያቶችም ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ በእግራችሁ መሀል ጎል መሆን ትችላላችሁ፤ ነጠላችሁ መሬት እንዳይጎተት ብቻ ሰብሰብ አድርጉት፣ ይጠልፋቸዋል። ሞግዚት የምትልኩ ካላችሁ አልከለክልም፣ ግን በወር አንዴ ራሳችሁ ኑ።

ቀጣዩ ቅዳሜ 2:30 ላይ እንጀምራለን። የሚመጡት አሥር ልጆች ብቻ ናቸው፣ የቀራችሁ በሚቀጥለው ዙር። ይዛችሁ የምትመጡት፦ የውሃ ኮዳ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ ዳይፐር የሚያደርግ ከሆነ ትርፍ ዳይፐር፣ ሦስት ባዶ ሃይላንድ ከነክዳኑ። አሸዋውም ፕላስተሩም እዚህ አለ። ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ኳስ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ መርፌው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በአውራ ጣታችሁ እየተጫናችሁ አብረን እናስተንፍሳቸው።